ዳክዬን ዓሣ ያደረጉት ጳጳስ

ድሮ ነው፤ አገሩም ሩቅ ነው። ባሕሩን ተሻግሮ፣ በረዶ የማይለቃቸውን ተራሮች አልፎ፣ ጫካው ፀሐይ የማያስገባ አንድ የፈረንጅ አገር ነበረ። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ሞተዋል፣ የቀሩትም ረስተውታል። እኔም አልጠየቅሁም፣ እናንተም አትጠይቁኝ። በዚያ ዘመን እንስሳው ሁሉ ይናገር ነበር፣ ሰውም ይሰማው ነበር። አሁን የጠፋው መናገሩ ይሁን መስማቱ እንጃ።

በዚያ አገር የሁሉ የበላይ ፓፓው ነበሩ። ሦስት ዘውድ ተደራርቦ የተሠራ አክሊል ደፍተው በሩቅ ከተማ ይቀመጣሉ። ከእሳቸው በታች በየአውራጃው ጳጳስ አለ። አንድ ጳጳስ ሕግ ተናግረው በቀይ ሰም ላይ ቀለበታቸውን ካሳረፉበት፣ ነገሩ አበቃ። ራሳቸው ቢጸጸቱ እንኳ መልሰው ሊሽሩት አይችሉም፤ የሚሽረው ከእሳቸው በላይ ያለ ብቻ ነው። ከእሳቸው በላይ ያሉት ደግሞ ከተራራው ማዶ ናቸው። ስለዚህ ሰው ሁሉ፣ ሕጉ ደስ ቢለውም ባይለውም፣ «ጳጳሱ ብለዋል፣ ማኅተሙም አርፏል» ይልና ወደ ሥራው ይሄዳል።

የዚያ አውራጃ ጳጳስ ጎምበርት ይባሉ ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ድሀ አይበድሉም፣ ቅዳሴ አያጓድሉም፣ ድምፃቸውም ያምራል። ብቻ ሆዳቸውን ይወዳሉ። ከሆዳቸውም ውስጥ ዳክዬ የሚገባበትን በኩል አብልጠው ይወዳሉ።

ከግቢያቸው በታች ኩሬ ነበረ፤ በኩሬውም ዳክዬዎች ይኖሩ ነበር። የዳክዬዎቹ ኑሮ ከጳጳሱ ኑሮ ጋር ተገላቢጦሽ ነው። ጳጳሱ ሲፈስኩ ዳክዬዎቹ ያለቅሳሉ፤ ጳጳሱ ሲጾሙ ዳክዬዎቹ ይፈስካሉ። ሁዳዴ ሲገባ ቢላዋው ያርፋልና ጫጩቶቻቸውን የሚፈለፍሉት በጾም ነበር። የእነዚያ ሰዎች ጾም ደግሞ ስጋ፣ ቅቤና እንቁላል ይከለክላል እንጂ ዓሣ ይፈቅዳል። አንቺ እዚያ ጥግ ያለሽው፣ «ታዲያ ምኑን ጾም ሆነ» ብለሽ አትሳቂ፤ ያንቺንም ጾም እናውቀዋለን።

እናላችሁ፣ በጾሙ አጋማሽ ጳጳስ ጎምበርት የዓሣ እሾህ ከጥርሳቸው እያወጡ በመስኮት ወደ ኩሬው ተመለከቱ። ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ወጥ ሠሪያቸውን ኦዶን አስጠሩት።

«ኦዶ፣ ያቺ ምንድን ናት?»

«ዳክዬ ናት፣ ብፁዕ አባቴ።»

«የት ነው ያለችው?»

«ውሃ ውስጥ።»

«ዓሣስ የሚኖረው የት ነው?»

ኦዶ ጌታውን ያውቃቸዋል። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባው። «እሱም ውሃ ውስጥ» አለ ቀስ ብሎ።

«እግሯን አየኸው? መቅዘፊያ ነው። ወፍ በመቅዘፊያ ምን ታደርጋለች?»

«ላባዋስ፣ ብፁዕ አባቴ?»

«ቅርፊት ነው። ትንሽ ረዝሞ ነው።»

«ምንቃሯስ?»

«አንተ የተቀጠርከው ልታበስል ነው ልትከራከር?»

«ላበስል ነው።»

«እንግዲያው አብስል።»

ለወጥ ሠሪ ይህ ይበቃል፤ ለሕዝብ ግን አይበቃም። «ዳክዬ ዓሣ ናት» ብለው ቢያውጁ ሰው ይስቅባቸዋል፣ ለሆዳቸው ብለው ነው ይባላል። ትልቅ ሰው ትንሽ ነገር ሲያምረው በትልቅ ቃል ይጠቀልለዋል። ስለዚህ ጳጳሱ መጻሕፍት አስወጡ፣ ሊቃውንት ሰበሰቡ፣ ከዚህም ከዚያም ጠቀሱ። ሰይጣን ለአመሉ ጥቅስ ይጠቅሳል ይባላል። ጳጳሱ ሰይጣን ናቸው አላልኩም፤ ጥቅሱን ግን የወሰዱት ከአንድ ገበያ ነው። በመጨረሻ እንዲህ የሚል ሕግ ወጣ፦ ውሃ የገባ ሁሉ ዓሣ ነው። ሰሙ ቀለጠ፣ ቀለበቱ አረፈ፣ አዋጁ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተነበበ።

የመጀመሪያው ዓሣ የእመት ዳክዬ ባል ሆነ።

ሐዘን ሐዘን ነው፤ የዳክዬም ቢሆን። እመት ዳክዬ ራሷን ክንፏ ውስጥ ቀብራ አለቀሰች። ነገር ግን ገና ላባ ያላወጡ ጫጩቶቿ ከኋላዋ ይንጫጩ ነበርና ለልቅሶ ጊዜ አልነበራትም። ዛሬ ባሏ ነው፣ ነገ እርሷ ናት፣ ከነገ ወዲያ እነሱ ናቸው። ተነሥታ እየተንገዳገደች ወደ ጳጳሱ ግብር ቤት ወጣች። ጳጳሱ ጣታቸውን እየላሱ አገኘቻቸው። ምን እየበሉ እንደነበር አልነግራችሁም።

«ብፁዕ አባታችን፣ እኔ ወፍ ነኝ።»

«ነበርሽ።»

«እንቁላል እጥላለሁ።»

«ዓሣም ይጥላል።»

«እበራለሁ።»

«የሚበር ዓሣ አለ። መርከበኞች ነግረውኛል።»

«ደሜ ሙቅ ነው።»

«ወጡም ሙቅ ነው» አሉና አንድ ጉርሻ ጠቀለሉ።

እመት ዳክዬ ልመናው እንደማያዋጣ አየች። አንገቷን አዘመመችና ሌላ ጥያቄ ጠየቀች። «ሕጉ ለዳክዬ ብቻ ነው፣ ወይስ ለሁሉ?»

ጳጳሱ ተቆጡ። በዚህ ነገር መጠርጠር አይወዱም። «ቤተ ክርስቲያን ለአንዲት ዳክዬ ሕግ ታወጣለች እንዴ? ለትንሹም ለትልቁም፣ ለለማኙም ለመስፍኑም ነው። ውሃ የገባ ሁሉ ዓሣ ነው። እኔ ብያለሁ፣ ማኅተሙም አርፏል።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች እመት ዳክዬ፣ ሄደችም።

አሁን ደግሞ ሕዝቡን እዩልኝ። ሰው ጎመንና ባቄላ ሰልችቶታል። አዋጁ በተነበበ ማግስት አንድ ገበሬ ጥጃውን በወንዙ ውስጥ አሳልፎ በወዲያ ማዶ አረደው። ጎረቤቱ አየና በጉን ነከረ። የጎረቤቱ ጎረቤት ፍየሏን በጆሮዋ እየጎተተች መጣች። የመንደሩ ቄስ በወንዙ ዳር ሲያልፉ ሰው ሁሉ ጥብስ ከቦ ተቀምጧል።

«ልጆቼ፣ በሁዳዴ ምንድን ነው የምትበሉት?»

«ዓሣ ነው፣ አባ።»

«ይህ ቀንድ የማን ነው?»

«የዓሣው ነው። በዚህ ጊዜ ከወንዙ ቀንድ ያለውም ይወጣል።»

ቄሱ ራሳቸውን አከኩ። ከዚያ «ጳጳሱ ብለዋል፣ ማኅተሙም አርፏል» አሉና ጠጋ ብለው ተቀመጡ። በጉ በግ እንደሆነ የማያውቅ አንድም አልነበረም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ወሬው ለጳጳሱ ደረሳቸውና ግንባራቸውን ቋጠሩ። ግን ከእያንዳንዱ ዓሣ አንድ አንድ ጭን ይላክላቸው ነበርና ግንባራቸው ብዙ ሳይቆይ ተፈታ። ወንዙ ግን በሰኮና ብዛት ደፈረሰ። እውነተኞቹ ዓሦች ጭቃው ቢበዛባቸው ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ታች ተሰደዱ።

በዚያ አውራጃ ጾሙን የሚጾም አንድ ፍጥረት ብቻ ቀረ። እሱም ተኩላው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ አገር ጳጳሳት አውሬንም ያወግዙ ነበር፤ አንበጣ ሲመጣ አንበጣውን፣ አይጥ ሲበዛ አይጡን። ባለፈው ዓመት ጳጳስ ጎምበርት ደወል አስደውለው፣ ጧፍ አስይዘው እስከ ጫካው ዳር ሄደው ነበር። «በጾም ስጋ የቀመሰ ተኩላ የተወገዘ ይሁን» ብለው ጧፉን መሬት ላይ ወርውረው በእግራቸው አጠፉት። ሰው ውግዘት ከመልመዱ የተነሣ ማታውኑ ይረሳዋል። ተኩላው ግን ተወግዞ አያውቅምና ፀጉሩ ቆመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁዳዴ ሲገባ ከወንዙ ዳር ተቀምጦ በመዳፉ ትናንሽ ዓሣ ያወጣ ነበር። አሁን ዓሦቹ ሲሰደዱ እሷም ቀረችበት። ጎድኑ ከሩቅ ይቆጠራል፤ በጎች ሲያልፉ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። እኔ በዚህ ተረት ውስጥ ካሉት ሁሉ ለእሱ ነው የማዝነው።

አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ይባላል። እመት ዳክዬ ግን አይጥ አይደለችም። ወደ ተኩላው ስትሄድ በወንዙ መካከል ዋኝታ ሄደች፣ የተጣራችውም ከመካከል ሆና ነው።

«አያ ተኩላ፣ ጾሙ እንዴት ይዞሃል?»

«እባክሽ አትጣሪኝ። ስጋ ነሽ። ሳይሽ ምራቄ ይመጣል፤ ምራቅ መዋጥ ጾም ያስገድፍ እንደሆነ ደግሞ የምጠይቀው ሰው የለኝም።»

«አዋጁን አልሰማህም እንዴ? ውሃ የገባ ሁሉ ዓሣ ነው። ጳጳሱ ብለዋል፣ ማኅተሙም አርፏል።»

ተኩላው ጆሮውን አቆመ። «ሁሉ?»

«ሁሉ።»

«እንግዲያው አንቺም ዓሣ ነሽ» አለና አንድ እግሩን ወንዙ ውስጥ ከተተ።

«እግርህን አውጣ» አለችው። «አንተም ዓሣ ትሆናለህ፤ ገበሬዎቹ ማዶ ጥብስ ላይ ናቸው።»

ተኩላው እግሩን እሳት እንደነካው ሁሉ መንጭቆ አወጣ። ተቀመጠና ይልሰው ጀመር።

«እኔ እንደሆንኩ አጥንት ብቻ ነኝ» አለች እመት ዳክዬ። «እሑድ ረፋድ ላይ ወደ ጳጳሱ ኩሬ ና። ዳር ላይ ተቀመጥ፣ ውሃ እንዳትነካ። ትልቅ ዓሣ ይገባልሃል፤ ቀንድ የለው፣ ውሻ አይጠብቀው። ስቡ አንተንም ዘመዶችህንም ያጠግባል።»

«ማን ያስገባልኛል?»

«ሆዱ» አለች እመት ዳክዬ።

በዚያ እሑድ በጳጳሱ ግቢ ሽብር ነበር። ካርዲናል ቴባልዶ የሚባሉ የፓፓው እንደራሴ ለምሳ እየመጡ ነው፤ እመት ዳክዬ ይህን ከወጥ ቤቱ ደጃፍ አስቀድማ ሰምታ ነበር። እኚህ ካርዲናል የፓፓውን ሥልጣን በእጃቸው ይዘው በየአገሩ የሚዞሩ፣ ጳጳስ የሚሾሙና የሚሽሩ፣ ፊታቸው እንደ ቋንጣ የደረቀ ሰው ናቸው። ጳጳስ ጎምበርት እንዲህ ላለ እንግዳ ከዳክዬ በታች ማቅረብ ነውር መሰላቸው። ኦዶ መረብና ዱላ ይዞ ወረደ። መረቡን ሲጥል እመት ዳክዬ ትጠልቃለች፤ ዱላውን ሲያነሣ በወዲያ በኩል ብቅ ትላለች። ኦዶ ተስፋ ቆርጦ ባዶ እጁን ተመለሰ።

«ዓሣ አጥማጅ አይደለህም» አሉት ጳጳሱ፣ ራሳቸውም ወረዱ። ለእንግዳው ክብር በወርቅ ክር የተጠለፈውን ካባቸውን እንደለበሱ ነው የወረዱት።

እመት ዳክዬ አየቻቸው። ዳክዬ ልጆቿን ልታድን ስትል ከእናቷ የወረሰችው አንድ ብልሃት አላት፦ ክንፏ የተሰበረ መስላ ጠላቷን ከጎጆዋ ታርቃለች። አንድ ክንፏን ውሃው ላይ ዘረጋችው፣ በአንድ ጎኗ ተጋደመች፣ እያቃሰተች በጳጳሱ ፊት ትንፈራገጥ ጀመር።

ጳጳሱ እጃቸውን ዘረጉ። ልትያዝ አንድ ስንዝር ቀራት። «ትንሽ ብቻ» አሉና ጫማቸውን ነከሩ። እርሷም ትንሽ ራቀች። «ትንሽ ብቻ» አሉና እስከ ጉልበታቸው ገቡ። ካባው ውሃ ጠጥቶ ከበደ። «ትንሽ ብቻ» አሉና እስከ ደረታቸው ሰጠሙ። ያን ጊዜ የእመት ዳክዬ ክንፍ ዳነ። ከፊታቸው ብድግ ብላ በራሳቸው ላይ አልፋ በረረች።

ጳጳሱ እየተሳደቡ ሲዞሩ ተኩላው ዳር ላይ ተቀምጧል። ዓይኑን ጨፍኖ የማዕድ ጸሎቱን እየጨረሰ ነበር።

«ብፁዕ አባቴ፣ እንኳን ደህና ገቡ» አለ ጸሎቱን ሲፈጽም።

«አንተ የተወገዝክ፣ ከዚህ ጥፋ።»

«አልተወገዝኩም። ስጋ አልቀመስኩም። ዓሣ ግን ይፈቀዳል።»

«እኔ ጳጳስ ነኝ።»

«ነበሩ» አለ ተኩላው በትሕትና።

«ዓሣ ካባ ይለብሳል?»

«እኔ የጫካ ሰው ነኝ፣ የዓሣን ልብስ አልመረምርም። ሕጉ ግን ውሃ የገባ ሁሉ ይላል።»

«ሕጉን ሽሬዋለሁ።»

«መሻር አይችሉም። ጳጳሱ ብለዋል፣ ማኅተሙም አርፏል። እኔ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ ከሕግ አልወጣም።»

ጩኸቱን ሰምቶ ከቅዳሴ የወጣው ሕዝብ ሁሉ ኩሬውን ከበበ። ጳጳሱ «ልጆቼ፣ እርዱኝ፤ ሰው መሆኔን ንገሩት ለዚህ አውሬ» አሉ። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ያ ጥጃውን የነከረ ገበሬ እግሩን አየ። ቄሱ ሰማይ አዩ። ጳጳሱ ዓሣ ካልሆኑ እነሱ ሰሞኑን ሲበሉ የሰነበቱት ምን ሊሆን ነው? ስለዚህ ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ «ጳጳሱ ብለዋል፣ ማኅተሙም አርፏል» አሉ። ኦዶ ብቻ ጭልፋውን ይዞ እያለቀሰ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር።

በዚህ መካከል ካርዲናል ቴባልዶ በበቅሎ ደረሱ። ወርደው ነገሩን ጠየቁ። ተኩላው ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣና አቤቱታውን አንድ ሳያስቀር አቀረበ። ካርዲናሉ አዋጁን አስመጥተው አነበቡ፤ ማኅተሙንም በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ማኅተሙ የእርስዎ ነው?» አሏቸው።

ጳጳስ ጎምበርት ለእንግዳቸው ክብር ሲሉ እየተጎተቱ ወደ ዳር መጡ። ውሃው ከጉልበታቸው በታች ሆነ። ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። «የእኔ ነው።»

«ልሽረው እችላለሁ። ግን እውነት የሆነውን አልሽርም፣ ሐሰት የሆነውን ነው የምሽረው። እንግዲህ ይንገሩኝ፤ ዳክዬ ምንድን ናት?»

አያችሁ ጉዱን። «ወፍ ናት» ካሉ፣ በሁዳዴ ስጋ በልተው አውራጃውን ሁሉ ስጋ ማብላታቸውን በፓፓው እንደራሴ ፊት መናዘዛቸው ነው፤ የጵጵስና በትራቸውም ሊወሰድ ይችላል። «ዓሣ ናት» ካሉ ደግሞ ተኩላው ጨውና በርበሬ እንኳ አይጠይቅም።

«ነገሩ ጥልቅ ነው» አሉ ጳጳሱ። «ሊቃውንት ይለያዩበታል። በሚመጣው ዓመት አንድ ጉባኤ ቢጠራ...»

ተኩላው እስከሚመጣው ዓመት መቆየት አልቻለም። «አባቶቼ፣ እኔ ጉባኤ አላውቅም» አለ። «ቅምሻ ግን አውቃለሁ።» አንገቱን ከዳር አስረዘመና የጳጳሱን ባት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአክብሮት፣ ነከሰ።

የጳጳሱ ጩኸት ደወል ቤቱን አነቃነቀው። «ስጋ ነኝ! ስጋ ነኝ፣ ዳክዬም ስጋ ናት፣ በጉም ስጋ ነው፣ የበላነው ሁሉ ስጋ ነው!»

ተኩላው ደግሞ የነከሰውን ተፍቶ ምላሱን በሣር ይጠርግ ነበር። ዓይኑ እንባ ሞላ። «ወይኔ፣ እውነትም ስጋ ነው» አለ። «ስንት መከራ ችዬ የያዝኩትን ጾም የገዛ ጳጳሴ አስገደፉኝ።» ከዚያ መሬት ላይ ተዘርግቶ አለቀሰ፤ እውነተኛ ልቅሶ ነበር።

ካርዲናል ቴባልዶ ሰሙን ከአዋጁ ገንጥለው በጫማቸው ፈጩት። «ዳክዬ ወፍ ናት፣ ጳጳስም ሰው ነው» አሉ። ሕዝቡ ጾሙን እንደገና ከመጀመሪያው እንዲጀምር ፈረዱ፤ ቄሱ በጣም አዘኑ። ተኩላውን ራሱን ዳስሰው፣ «አንተ በእምነት ነው የነከስከው፤ ተፈትተሃል» አሉት። ወደ ጳጳሱም ዞሩ። «በትርዎን አልወስድም። ሌላ በትር እጨምርልዎታለሁ። ጾሙ እስኪያልቅ በየቀኑ መንጠቆ ይዘው ለዚህ ተኩላ እውነተኛ ዓሣ ያጠምዱለታል።»

ጳጳስ ጎምበርትም አጠመዱ። በብርዱ፣ ባታቸው በጨርቅ እንደታሰረ፣ ከወንዙ ዳር ተቀምጠው ያጠምዱ ነበር። ተኩላው ከጎናቸው ተቀምጦ ዳዊት እንዲደግሙለት ይጠይቃቸዋል፤ እሳቸውም ይደግሙለታል። ድምፃቸው ያምራል ብያችሁ የለ።

እመት ዳክዬስ? እርሷ የካርዲናሉን ፍርድ ከሁሉም በላይ በደንብ ነበር የሰማችው። ወፍ መሆኗ ተረጋግጧል፤ ወፍ ደግሞ በፋሲካ ይበላል። የጫጩቶቿ ክንፍ እንደጠና የፋሲካው ደወል እስኪደወል አልጠበቀችም። አንድ ጠዋት ልጆቿን አስከትላ ተነሣች፤ በወንዙ ላይ፣ በጳጳሱ መንጠቆ ላይ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ላይ አልፋ ወደ ተራሮቹ በረረች። ጳጳሱ አንገታቸውን ወደ ሰማይ አንጋጠው እስክትሰወር በዓይናቸው ተከተሏት። ተኩላው ምን እንደሚያዩ ቢጠይቃቸው ባታቸውን እያሻሹ እንዲህ አሉት፦

«ለሆድ የወጣ ሕግ ባለቤቱን ሳይነክስ አያድርም።»